ሌዘር የነካው ቲታኒየም ይጠነክራል ወይስ ለመሰበር ይቀርባል?

ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከባቲ የተሰባሰብን የብረት ሠራተኞች፣ በያጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች በምንወያይበት መድረክ ላይ ሰሞኑን 21 መልስ የተሰጠበት አንድ ክር ተከፍቶ ነበር። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ የብረታ ብረትን ጠባይ በማስተማር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ 11ኛውን መልስ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ጉዳዩ ሰው በየቀኑ የሚቆምበትን እግር የሚነካ ስለሆነ፣ መልሶቹም እርስ በርሳቸው ስለተጠላለፉ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመቸው በተራ ልተርከው ወደድሁ።

ክሩን የከፈተው ኮምቦልቻ ውስጥ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ አነስተኛ ወርክሾፕ በቶርኖ የሚሠራ ወጣት ነው። ሰው ሠራሽ እግር ከሚጠግን ደሴ ካለ ክፍል ተልኮ የመጣለትን የጉልበት መጋጠሚያ ፒን ሲያየው በጥቂት ወራት ውስጥ ተበልቶ አገኘው፤ እግሩን የሚያደርገው ሰው በተራመደ ቁጥር መጋጠሚያው ይንቀጫቀጫል። ወጣቱ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት የቲታኒየም ዘንግ አግኝቶ አዲስ ፒን ቀረጸ፤ ዳሩ ግን ቲታኒየም ከቲታኒየም ጋር ሲፋተግ የመናከስ ጠባይ ስላለው ፒኑ ከማቀፊያው ጋር ተናክሶ ያዘ። በዚህ መካከል ውጭ አገር የሚሠራ ዘመዱ፣ ፒኑን በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ በሌዘር ቢያስነካው ላዩ ወርቃማ እንደሚሆንና ጠንካራነትን በሚለካው በቪከርስ መለኪያ ከ350 አካባቢ ተነስቶ ከ1,000 በላይ እንደሚደርስ ነገረው። ወጣቱ ከዚህ ተነስቶ ፒኑ ሦስት እጥፍ ስለሚጠነክር ሦስት እጥፍ ለመሰበርም ይከብዳል ብሎ ደመደመ፤ ይህን የሚቃወም ካለ ግን ብሩን ከመላኩ በፊት እንዲነግረው ለመነ።

1ኛው መልስ የደሴ በያጅ ነው። ወጣቱን ለአካል ጉዳተኞች በማሰቡ መርቆ፣ ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል ብሎ አለፈ።

2ኛው መልስ ጥርጣሬ ይዞ መጣ። ጸሐፊው እኅቱ ከእግሯ የወጣላትን የአጥንት ማሰሪያ ብረት ቲታኒየም ነው ተብላ ለዓመታት በክብር እንዳስቀመጠችው፣ በኋላ ግን ወርቅ ቤት አስመዝኖ፣ ውሃ በተሞላ የመድኃኒት መርፌ ቱቦ ውስጥ ከትቶ የወጣውን ውሃ ሲለካ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 8 ግራም ገደማ መክበዱን እንዳረጋገጠ ተረከ፤ ይህም የማይዝገው ብረት ክብደት ነው። ማግኔት በዚህ ነገር እንደማይረዳም አስጠነቀቀ፤ ለአጥንት የሚያገለግለው የማይዝግ ብረትም ሆነ ቲታኒየም በማግኔት አይያዝምና። ስለ ሌዘሩ ከመጨነቅህ በፊት በእጅህ ያለው ምን እንደሆነ እወቅ ማለቱ ነው፤ እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ።

3ኛው መልስ የራሱ የጠያቂው ነበር። ምክሩን በዚያው ቀን ፈጽሞታል። ከዘንጉ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ አስተካክሎ ቀርጾ፣ ወርቅ ቤት ወስዶ ቢያስመዝነው 25 ግራም ሆነ። ተራ ብረት ቢሆን ኖሮ ወደ 45 ግራም ይጠጋ ነበር። ከዚህም በላይ ጫፉን መሞረጃ ድንጋይ ሲያስነካው የፈነጠቀው ፍንጣሪ እንደ ብረት ቢጫ ሳይሆን ዓይን የሚወጋ ነጭ ነበር፤ የቲታኒየም ምልክት ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ውይይት በርግጥም በቲታኒየም ላይ የተደረገ ነው።

4ኛው መልስ ለእኔ የክሩ ምሰሶ ነው። ጸሐፊያቸው በባቲ መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩ አባት ናቸው፤ ቃላቸውን የጻፈላቸው ልጃቸው ነው። ቲታኒየም የሚባለውን በእጃቸው ይዘው እንደማያውቁ ቀድመው ተናገሩ። የሚያውቁት ማጭድ ነው። ማጭድ በእሳት ግሎ ውሃ ሲጠጣ ስለቱ ይደርቃል፤ ደረቅ ስለት እህል ያጭዳል፤ ነገር ግን ውሃ የበዛበት ማጭድ በአጨዳ መካከል ድንጋይ ሲነካ ሳይጎብጥ በአንዴ ይከፈላል። ስለዚህ ባለሞያ የሆነ ሰው ስለቱን ብቻ አጠጥቶ ጀርባውን ለስላሳ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዚያም ከእሳቱ ዳር ትንሽ አሙቆ ድርቀቱን ያበርድለታል። ወጣቱን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሌዘሩ ስለቱን ብቻ ነው የሚያጠጣው ወይስ ጀርባውንም?

5ኛው መልስ የተጻፈው በቁጣ ነው። ጸሐፊው የሕክምና ዕቃ ጉዳይ በማረሻ ቀጥቃጭ ወግ እንደማይፈታ፣ እንዲህ ያለ መልስ የመድረኩን ደረጃ እንደሚያወርድ ገለጸ። 6ኛው መልስ ደግሞ በዚያው ልክ ቆጥቶ መለሰለት፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነ አስታውሶ፣ አባታችን ያነሱት ጥያቄ እስካሁን ከተነሱት ሁሉ ለነገሩ የቀረበ ነው አለ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። 5ኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አልታየም።

7ኛው መልስ የኮምቦልቻ መምህርት ናት፤ የአባታችንን ምሳሌ ተቀብላ ሁለት ማረሚያ ጨመረችበት። ማጭዱን የሚያደርቀው በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ነው፤ ቲታኒየም ግን እንዲህ ያለ ካርቦን ስለሌለው፣ በሌዘር ቀልጦ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ መርፌ መሰል ውስጣዊ አደረጃጀት ቢይዝም በዚህ ብቻ እንደ ማጭድ ስለት አይደርቅም፤ ጭማሪው መጠነኛ ነው። ከ1,000 በላይ የሚያደርሰው ከጋዙ የሚገባው ናይትሮጅን ከቲታኒየሙ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ሌላ ነገር፣ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። ይህ ደግሞ በጠባዩ ከብረት ይልቅ ለሸክላ የቀረበ ነው። ሁለተኛው ማረሚያዋ ከዚህ የሚወጣ ነው፦ ማጭድ ሲሞቅ ድርቀቱ ይበርዳል፣ ናይትራይድ ግን ራሱ የሚቀልጠው ከ2,900 ዲግሪ በላይ በመሆኑ በእሳት ዳር አሙቀን የምናለሰልሰው ነገር አይደለም።

8ኛው መልስ ቀለሙን ይዞ ገባ። ወርቃማ ቀለም የጥሩ ሥራ ምልክት ስለሆነ ፒኑ ሲመጣ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል የሚል ነው። 9ኛው መልስ፣ በአርጎን ጋዝ ብየዳ የኖረ ሰው ይመስለኛል፣ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። ቲታኒየም ሲሞቅ አየር ከነካው በላዩ የሚፈጠረው የኦክሲጅን ሽፋን እጅግ ቀጭን ሳለ የገለባ ወርቅ ይመስላል፤ ሲወፍር ሰማያዊ፣ ከዚያም ግራጫ፣ በመጨረሻም ነጭ ዱቄት ይሆናል። በያጆች ብርማውን ተቀብለው፣ የገለባውን ቀለም በጥንቃቄ አይተው፣ ሰማያዊውንና ነጩን የሚጥሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ወርቅ መሰል ቀለም ከናይትሮጅንም ከኦክሲጅንም ሊመጣ ስለሚችል፣ በቀለም ብቻ ሰው የሚቆምበትን ዕቃ መርምሬያለሁ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ዘጋው። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

10ኛው መልስ የደሴ ፒያሳ የሞባይል ጥገና ባለሞያ ነው። በሱቁ ስም የሚቀርጽበት 20 ዋት የፋይበር ሌዘር ስላለው ሥራውን እዚሁ በነጻ ልሥራለት ብሎ በቅንነት ጠየቀ። ልብ የሚነካ ግብዣ ቢሆንም የማይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ላዩን ቀለም ከመቀባትና ከመፋቅ አልፎ ቲታኒየምን ጥልቅ አድርጎ አያቀልጥም፤ ለዚህ ሥራ የሚውሉት በብዛት ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ያላቸው ናቸው።

11ኛው የእኔ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እነግራለሁ። ከዓመታት በፊት ለትምህርት በሄድሁበት አገር፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህንኑ ሥራ በእጄ ሠርቼዋለሁ። የሌዘሩ ጨረር ላዩን እያቀለጠ ሲያልፍ ናይትሮጅን ወደ ቀለጠው ይገባል፤ ጨረሩ ሲያልፍ ደግሞ የቀለጠው በቅጽበት ይረጋል። ያወጣሁት ናሙና እንደ አዲስ የጋብቻ ቀለበት ያበራ ስለነበር ለመምህሬ በኩራት አሳየሁት። እሱ ግን ምንም ሳይለኝ ናሙናውን በአግድም እንድቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ልሙጡ እንዳሸው፣ በአሲድም አስነክቼ በማይክሮስኮፕ እንዳየው አዘዘኝ። ከላይ ወርቃማ መስመር ነበር፣ ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚሆን፤ ከሥሩ መርፌ መርፌ የሚመስል ግራጫ፤ ከዚያ በታች ያልተነካው ቲታኒየም። ወርቃማውን መስመር ግን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው የሚያቋርጡት ጥቁር ጥቁር ክሮች ነበሩ። ከፊት ለፊት ሲታይ ደግሞ የቦርከና ዳር ጭቃ ፀሐይ ሲመታው እንደሚሰነጣጠቀው ያለ መረብ ነው። አንዳንዱ ክር ወርቃማው ባለቀበት ቆሟል፤ አንዳንዱ ወደ ግራጫው ዘልቋል።

ስንጥቁ ከየት መጣ? ቲታኒየም ሙቀትን በደንብ የማያስተላልፍ ብረት ነው፤ የሚያስተላልፈው ከተራው ብረት ከአምስት እጥፍ በላይ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ላዩ ከ1,600 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሲቀልጥ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው። የቀለጠው ሲረጋ ሊኮማተር ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ውስጥ ግን አያስኮማትረውም፤ ላዩ እንደተሳበ ይቀራል። ለስላሳ ቢሆን ኖሮ ተለጥጦ ይገላገል ነበር፤ ናይትራይድ ግን መለጠጥ አያውቅምና ይሰነጠቃል።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባሁ። አንድ ብረት ስንጥቅ እያለበት ስብራትን የሚቋቋምበት አቅም የራሱ መለኪያ አለው፤ አሃዱ ሜጋፓስካል ሲባዛ በሜትር ስኩዌር ሩት ነው። ይህ የቲታኒየም ቅይጥ እንደ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ከ44 እስከ 110 ይደርሳል፤ እኔ ለጥንቃቄ 55 ያዝሁ። በፒኑ ትከሻ ላይ የሚሰበሰበው ጫና 500 ሜጋፓስካል ነው እንበል፤ የስንጥቁ ጥልቀት ደግሞ የወርቃማውን ሽፋን ያህል፣ 0.3 ሚሊ ሜትር። በግምታዊው ቀመር የሚወጣው 17 ነው። ከ55 እጅግ ያነሰ ስለሆነ ፒኑ በመጀመሪያው ቀን አይሰበርም፤ ወጣቱም በጠረጴዛ ላይ በመዶሻ ቢፈትነው ያለፈ ይመስለዋል። ችግሩ ሌላ ነው። በዚህ ቅይጥ ውስጥ ያለ ስንጥቅ በተደጋጋሚ ሸክም ማደግ የሚጀምርበት ወሰን በዚያው መለኪያ 5 አካባቢ ነው፤ 17 ከዚያ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በቀን 5,000 እርምጃ የሚሄድ ሰው ያንን እግር 2,500 ጊዜ ይጭነዋል፣ በዓመት ከ900,000 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ስንጥቁ በእያንዳንዱ እርምጃ ቅንጣት ታህል እያደገ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያ 17 የነበረው ቁጥር 55 ይሞላል፤ በዚያን ጊዜ ከ12 ሚሊ ሜትሩ የቀረው በአንድ እርምጃ ይቆረጣል። እርምጃው የጦሳ ተራራን ቁልቁለት ሲወርዱ ይሁን ወይም ቤት ውስጥ፣ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ለአባታችን ጥያቄ መልሴ ይህ ነበር፦ ሌዘሩ የሚነካው ስለቱን ብቻ ነው፤ የጀርባው ማለትም የውስጠኛው ቲታኒየም ስብራትን የመቋቋም አቅሙ እንደነበረ ይቀራል። ነገር ግን ስለቱ ቀድሞ ከተሰነጠቀ ለጀርባው የተዘጋጀ ጭረት ያወርሰዋል።

12ኛው መልስ በእኔ ላይ የተነሣ ነው። ጸሐፊው ወጣቱን በቁጥር ማስፈራራቴን ኮነነ፤ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ በሌዘር የታከሙ የቲታኒየም ማራገቢያ ምላጮች እየበረሩ ሳለ ሌዘር ይሰነጥቃል ማለት ከእውነት መራቅ ነው አለ። ቃሉ ቢከብደኝም ያነሣው ነጥብ እውነተኛ ነበር፤ እኔም ሌዘርን ሁሉ አንድ አድርጌ በመጻፌ ጉድለት ነበረብኝ።

የፈታው 13ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ የወረኢሉ ልጅ ናት፤ በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ላይ ትገኛለች። ስለ ምላጮቹ የተባለው ልክ መሆኑን ተቀብላ፣ የሌዘሩ ሥራ ግን ፈጽሞ ሌላ መሆኑን አስረዳች። ቢ-1 የሚባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞተር፣ ኤፍ101፣ የፊት ማራገቢያ ምላጮቹን ከመሬት የሚነሣ ጠጠርና ፍርስራሽ ጫፋቸውን እየሸረፈ ያስቸግር ነበር፤ ትንሽዋ ሽርፍራፊ ለስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። የሞተሩ ሠሪ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የምላጮቹን ጠርዝ በሌዘር ማስደንገጥ የጀመረው ለዚህ ነው። ላዩ ጥቁር ቀለም ይቀባል ወይም ቴፕ ይለጠፍበታል፣ በላዩ ቀጭን ውሃ ይፈስሳል፣ ከዚያም በናኖ ሰከንድ የሚቆጠር እጅግ ኃይለኛ የሌዘር ምት ይመታዋል። የሚተንነው ቀለሙ ነው፤ ውሃው እንዳይበተን ስለሚያፍነው እንፋሎቱ በጊጋፓስካል የሚቆጠር ግፊት ወደ ብረቱ ይልካል። ቲታኒየሙ አይቀልጥም፣ ጋዝም አይገባበትም፤ ላዩ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀትና ከዚያም በላይ ተጨቁኖ ይቀራል። በተለመደው የብረት ጠጠር ድብደባ የሚገኘው ጭቆና ከዚህ በብዙ ያጠረ ነው። የእኔ ናሙና ላዩ ተስቦ ሲቀር የእሷ ምላጭ ላዩ ተጨቁኖ ይቀራል፤ ስንጥቅ የሚከፈተው ሲሳብ ነውና ልዩነቱ የምድርና የሰማይ ነው። አስከትላም ይህ ሥራ እንኳ የቲታኒየሙን ስብራትን የመቋቋም ቁጥር ራሱን ከፍ እንደማያደርግ፣ ስንጥቁ እንዳይነሣና እንዳያድግ ብቻ መንገዱን እንደሚያጠብበት አስገነዘበች። ለ10ኛው ጸሐፊም አክብራ አሰላችለት፤ 20 ዋቱ በሰከንድ ለ20,000 ምት ሲካፈል ለአንዱ ምት የሚደርሰው አንድ ሺኛ ጁል ሲሆን፣ ለማስደንገጥ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጁል ነው።

12ኛው ጸሐፊ በ14ኛው መልስ ላይ ተመልሶ መጣ። ስለ ቃሉ ክብደት ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ ጉድለቴ አመሰገንሁት። ከዚያ ግን ጥሩ ነገር አነሣ፦ ይህ ሁሉ ክርክር የመጣው ጥንካሬ በሚለው አንድ ቃል ሦስት ነገር ስለምንጠራበት ነው አለ። ላዩ አለመጫሩ አንድ ነገር ነው፣ ሸክም ሲጫነው አለመጉበጡ ሌላ ነው፣ ተሰንጥቆ ሳለ አለመሰበሩ ደግሞ ሦስተኛ። ወጣቱ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ሲሆን ሦስተኛውም ሦስት እጥፍ የሚሆን መሰለው። 15ኛውና 16ኛው መልሶች ቃል በመፈለግ ላይ ቆዩ፤ አንዱ ለሦስተኛው ጽናት የሚለውን ሲያቀርብ፣ ሌላው ጽናት ለተደጋጋሚ ሸክም ይሁን ብሎ ተከራከረ። ለመጀመሪያው ግን አባታችን የተጠቀሙበት ድርቀት የሚለው ቃል ይበቃል፤ ብረት ደረቅ ነው ስንል ስለቱንም ተሰባሪነቱንም አብረን ስለምንሰማው፣ እኔም ከዚህ በኋላ በክፍል ውስጥ ልጠቀምበት ወስኛለሁ።

17ኛው መልስ ውጭ አገር በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የነበረ የሐይቅ ሰው ነው። ስንጥቁ ፈጽሞ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነ ተናገረ። ናይትሮጅኑን ከአርጎን ጋር ቀላቅሎ ማሳነስ የናይትራይዱን መጠን ስለሚቀንሰው ድርቀቱ ከ1,000 በታች ቢወርድም ስንጥቁ ይቀንሳል፤ ዕቃውን አስቀድሞ ማሞቅም ቅዝቃዜውን ስለሚያዘገየው ይረዳል። ከሥራው በኋላ የቀረውን ውስጣዊ ስበት ለማስለቀቅ ከ480 እስከ 650 ዲግሪ ማቆየት የተለመደ ነው፤ ይህ ግን አየር በሌለበት ወይም በአርጎን በተሞላ ምድጃ እንጂ በወናፍ እሳት ላይ አይሞከርም፤ የጋለ ቲታኒየም ከአየር ኦክሲጅን እየጠጣ ሌላ ተሰባሪ ቆዳ ያበቅላልና። ቢሰነጠቅም ሳያዩት የሚልኩ ሠሪዎች ስላሉ፣ ወጣቱ ከፒኖቹ ጋር አብሮ የታከመ አንድ ትርፍ ቁራጭ እንዲያስልክና እዚህ ተቆርጦ እንዲታይ መከረ። ቁራጩን ለማየት እኔ ራሴ ቃል ገብቼለታለሁ።

18ኛው መልስ አጭር ነበር፦ ፒኑ እንዳይናከስ ከሆነ የሚፈለገው፣ ማቀፊያው ውስጥ የነሐስ ወይም የናይለን ቡሽ፣ ማለትም ፒኑ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ቢገባ ሌዘር ለምን አስፈለገ? ይህ ጥያቄ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። ጠያቂው መጋጠሚያው ጠባብ ስለሆነ ቡሽ ሲገባበት ፒኑ ከ12 ወደ 9 ሚሊ ሜትር መቅጠን እንዳለበት ነግሮናል፤ ይህ ደግሞ መታጠፍን የሚችልበትን አቅም ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

19ኛው መልስ ክሩን ያረጋጋው ነው። ጸሐፊው እግሩን የሚያደርገው ሰው ራሱ ነው፤ የደሴ ነጋዴ ነው። ስሌቱን ሁሉ እንዳልተረዳ ገልጾ፣ ስለ ራሱ ጉልበት ግን ሁለት ነገር ነገረን። መንቀጫቀጡ ያሳፍረዋል፣ መስጊድ ሲገባ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ነገር ግን የሚንቀጫቀጥ ጉልበት ሲያስጠነቅቀው ይኖራል፣ ድንገት የሚቆረጥ ጉልበት ግን ከነሸክሙ ይጥለዋል። ሁለቱን አወዳድሩልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ ብሎ ነው የጨረሰው። ከእሱ በኋላ በቁጣ የጻፈ ማንም የለም።

20ኛው መልስ ላይ አባታችን በልጃቸው እጅ ተመለሱ። ማጭድ የሚከፈለው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ከመካከሉ አይደለም፣ እጀታው ውስጥ ከሚገባበት ከአንገቱ ነው። ስለዚህ አንገቱን ውሃ አናጠጣም። ፒኑ የሚፋተገው በሆዱ ከሆነና የሚሰበረው በአንገቱ ከሆነ፣ ሌዘሩ በሆዱ ላይ ብቻ ይለፍ፣ አንገቱን ደግሞ ስል አድርጎ ከመቅረጽ ክብ አድርጎ ማሳረፍ ይሻላል። እኔ በሙሉ ገጽ ስሌት ያልደረስሁበትን ነገር እሳቸው በማጭድ አንገት ደረሱበት። 13ኛዋ ጸሐፊ ወዲያው አረጋገጠችው፤ በአውሮፕላን ሥራም የተሰበሰበ ጫና ያለበት ቦታ በሙቀት እንዳይነካ በሥዕሉ ላይ ይከለላል።

21ኛው መልስ የጠያቂው ሥዕል ነው። በእርሳስ የተሠራውን ፒን በስልክ አንሥቶ ለጥፎታል። ከ50 ሚሊ ሜትሩ መካከል 30ው በቢጫ ቀለም ተቀብቶ ሌዘር እንዲያልፍበት ተፈቅዷል፤ በሁለቱም ወገን 10፣ 10 ሚሊ ሜትር ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ የትከሻው ኩርባ 2 ሚሊ ሜትር እንደሚሆን ተጽፏል፤ ናይትሮጅኑ በአርጎን እንዲቀጥን፣ ከ6 ፒኖች ጋር አንድ ትርፍ ቁራጭ እንዲላክ በማስታወሻ ተጨምሯል። ከሥሩ፣ ቁራጩ መጥቶ ተቆርጦ እስኪታይ ድረስ አሮጌው ፒን በነጋዴው ጉልበት ላይ እንዲቆይና ግራሶ ብቻ እንዲታደስለት ከራሱ ከነጋዴው ጋር መስማማታቸውን ጻፈ። አባታችን በልጃቸው በኩል የላኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷል፦ 2 ሚሊ ሜትሩ 3 ቢሆን መጋጠሚያው ይዘጋ ይሆን? ወጣቱ ነገ በካሊፐር ለክቶ እንደሚመልስላቸው ጽፏል።